መታጠፊያው ላይ ሰው አልነበረም

የሞተራቸውን ድምፅ ሰምቼው ነበር ወይስ አልሰማሁትም?

ራሴን ይህን ስጠይቅ ወራት ተቆጥረዋል፤ መልሱን ግን ዛሬም አላውቀውም። አንዳንድ ቀን፣ ሰምቻለሁ፣ ሰምቼ ቀና ሳልል ነው የቀረሁት እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ መንገዱ የጭነት መኪና የሚግተለተልበት ነበር፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የአንድ ሞተር ድምፅ እንዴት ተለይቶ ይሰማል ብዬ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። ያላለቀ ዓረፍተ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ይህንን አንዱን ግን እንዴት እንደምጨርሰው አላውቅም።

ሰውየው የሞተር ሳይክል መካኒክ ናቸው። ጋራዣቸው አዲስ አበባ፣ ወሰን የሚባለው ሰፈር ነው፣ ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን። እኔ የምሠራው ጉርድ ሾላ፣ መንፈሳዊ መጻሕፍት በሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮው መጻሕፍት የምታደርስ፣ ፈቃድ ያላት አንዲት ሞተር ነበረችው። የሚነዳት ሰው ሥራ ሲለቅ ግቢ ውስጥ ቆማ አቧራ ጠጣች። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «እስኪ ማን ይነዳታል?» ሲባል እጄን አወጣሁ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ትንሽ ሳቅሁ፤ እጄን ግን አላወረድኩም። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ወገቤ ላይ ከሚደርሱ ልጆች ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ «ይሄማ አንቺን አልፎሻል» የሚመስል ነገር ሲገጥመኝ እጄ እኔን ሳያማክር ይነሳል።

ሞተሯን ላስጠግን የሄድኩ ቀን ጋሼ (እንዲህ ነው የምጠራቸው) ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ነጂዋ አንቺ ነሽ?»

«ልማር ብዬ ነው።»

«ብብትሽ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ።»

«እሱን አስቀምጪው። ሞተር ሁለቱንም እጅ ነው የምትፈልገው።»

እንዲህ ተዋወቅን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከፈረንሳይ በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ያስተምሩኝ ጀመር። እሳቸው በራሳቸው አሮጌ ሞተር ከኋላዬ እየመጡ ይጮኻሉ፦ «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ አትንጠልጠይ! የልብስ ማስጫ ገመድ አደረግሽው እንዴ? ማርሽ ቀንሺ!» ባሕር ዛፉ መሃል አቁመው ዓይኔን ጨፍኜ የሁለቱን ሞተሮች ድምፅ እንድለይ ያደርጉኛል። የእሳቸው ሞተር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ነው፤ የእኔዋ ትቸኩላለች። «ዓይን ይታለላል፤ በጆሮሽ ንጂ» ይሉኝ ነበር። ጆሮዬም ሠለጠነ። ለዚህም ነው መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ጥያቄ የማይለቀኝ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሁሉ የሰው ሞተር ሲጠግኑ፣ ሞተሩም ርቆ ሄዶ ሲመለስ፣ እሳቸው ከሞጆ አልፈው የነዱበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከደንበኞቻቸው አንዱ ኬንያ ውስጥ በቡድን ሞተር እየነዱ አገር የሚያስጎበኙ እንዳሉ ነገራቸው። ውጭ አገር ያሉት ወንዶች ልጆቻቸው ይህን ሲሰሙ ጉዞውን ስጦታ አደረጉላቸው። አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው ግን «ብቻህንማ አትሄድም፣ እንግሊዝኛስ ማን ይሰማልሃል?» አለች። «ተማሪዬ አለች አይደል!» አሉ። እኔ ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ተጠራቅሞልኝ ነበር፤ ከአገር ወጥቼም አላውቅም። እሺ አልኩ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኘን ልጃቸው እጄን ይዛ ለብቻ ወሰደችኝ። «እህቴ፣ አባቴን አደራ» አለች። «አደራ» ስትል እጄን ጨመቅ አደረገችው።

ስምንት ነጂዎች ነበርን፣ ሁላችንም በኪራይ ሞተር፤ ከአዲስ አበባ እኛ ሁለታችን ብቻ። ከፊት የሚመራን አንድ ረጅም ኬንያዊ፣ ከኋላ የሚሰበስበን ደግሞ ሌላ ኬንያዊ ነበር። ናይሮቢ የመጀመሪያው ጠዋት፣ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ መሪው ሕጉን በእንግሊዝኛ አስረዳ፤ እኔ ለጋሼ ወደ አማርኛ መለስኩ። መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ሲደረስ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ነጂ እዚያው ይቆማል። ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያውን ለብሶ፣ በእጁ አቅጣጫውን እያሳየ፣ የመጨረሻው አስጎብኚ መጥቶ በእጁ ምልክት እስኪሰጠው ድረስ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ሌላው ተራውን ይቆማል።

«መታጠፊያ ላይ ሰው ቆሞ ካዩ ወዳሳየዎት ይታጠፉ። ሰው ከሌለ ቀጥ ብለው ይሂዱ።»

«ድገሚልኝ።»

«ሰው ከሌለ ቀጥ።»

«ቀጥ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ሕግ ነው። ማሰብ አይፈልግም፤ ማመን ብቻ ነው።»

ሁለቱ ቀናት እንደ ሕልም አለፉ። እዚያ አገር በግራ ስለሚነዳ አደባባይ በደረስን ቁጥር ጋሼ «ቢስሚላህ» ብለው ይገባሉ፣ ሲወጡ ደግሞ ወደ እኔ ዞረው በሄልሜታቸው ውስጥ ይስቃሉ። ቀትር ላይ ሞተራቸውን ጥላ ሥር አቁመው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሲሰግዱ ሌሎቹ ነጂዎች ድምፃቸውን ቀንሰው ይጠብቋቸው ነበር። አንድ ጊዜ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ «እንጦጦን ስንት ጊዜ ወጣሁት፤ እንዲህ ሆኖ የሚያልቅ መስሎኝ አያውቅም» አሉ። ልጆቻቸው በስልክ ሲደውሉ ሞተሩን አስነስተው ያሰሟቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ተራው የእኔ ሆነ።

ትንሽ የገበያ ከተማ ነው። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የእኛ መንገድ ወደ ቀኝ ነው። ማዕዘኑ ላይ ቆምኩ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ቆጠርኩ። አምስት አለፉ። የቀሩት ጋሼና አንዲት አውሮፓዊት ነበሩ፤ ከእነሱም ኋላ የመጨረሻው አስጎብኚ። አልመጡም። በኋላ እንደሰማሁት የሴትየዋ ጎማ ተንፍሶ ነበር፤ ጋሼ ደግሞ የሰው ሞተር ተበላሽቶ አልፈው መሄድ ስለማይችሉ አብረው ቆመው ጎማውን አገዙ፤ ሲጨርሱ አስጎብኚው «ይቅደሙ፣ እንደርስብዎታለን» ብሎ በእጁ ሸኛቸው።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ዛፍ ሥር፣ መሬት ላይ በተዘረጋ ላስቲክ ላይ አንዲት ሴት ያገለገሉ የመማሪያ መጻሕፍት ትሸጣለች። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሞተሬን ወደ ጥላው ወሰድኩ። ከዚያም ሆኜ ማዕዘኑ ይታየኛል አልኩ ለራሴ፤ እውነትም ይታያል፣ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው። ጎንበስ ብዬ አንድ የሕፃናት ማንበቢያ አነሳሁ። መሃሉ ላይ አንድ ገጽ ተገልብጦ ተጠርዟል። ሁለተኛውን ቅጂ አነሳሁ፤ እዚያም ተገልብጧል። ሦስተኛው ደህና ነው። እንግዲህ ሁሉም አይደለም ማለት ነው፤ ስንቱ ነው? አራተኛውን ፍለጋ እስከ ላስቲኩ ጥግ ድረስ ሄድኩ። ሻጯ ሳቀችብኝ። መጻሕፍቱን እያገላበጥኩ ለስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ቀና ስል መንገዱ ላይ ከእኛ ሰው ማንም አልነበረም። ወደ ማዕዘኔ ተመለስኩና እጄን ዘረጋሁ።

ቆይቶ አስጎብኚውና ሴትየዋ መጡ። ጋሼ አብረዋቸው የሉም፤ ቀድመው ታጥፈው ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አስጎብኚው ምልክት ሰጠኝ፤ ሌሎቹን ተከተልን። ለምሳ የቆምንበት ቦታ ስንደርስ መሪው ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ።

«አዛውንቱስ?»

ያን ጊዜ አወቅሁ። ማንም ገና ምንም ሳይናገር እኔ አወቅሁ።

ተመልሰን ከመታጠፊያው ቀጥ ብለን ሄድን። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ አስፋልቱ ያልቃል፤ ለጥገና ተቆፍሮ ኮረኮንች ፈሶበታል። ሞተሩ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ጋሼ መንገድ ዳር ተቀምጠዋል፤ የአካባቢው ሰዎች ከቁርጭምጭሚታቸው በታች የተጣጠፈ ሹራብ አድርገውላቸዋል። ፊታቸው አመድ ሆኗል። ዓይናቸው እኔን ፈልጎ አገኘ።

«ቀጥ አልኩ። ሰው አልነበረም፤ ቀጥ አልኩ።»

መሪው ወደ እኔ ዞረ። ማዕዘኑ ላይ ነበርሽ? ነበርኩ አልኩ። ጊዜውን ሙሉ? ጊዜውን ሙሉ። የመጨረሻው አስጎብኚ ደግፎኝ፣ «እኔ ስደርስ ማዕዘኑ ላይ ቆማ ነበር» አለ። እሱስ አልዋሸም።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አሉኝ ጋሼ።

አስተርጓሚያቸው እኔው ነኝ። የራሴን ውሸት ለእሳቸው ወደ አማርኛ መለስኩት። «መታጠፊያው ላይ ቆማ ነበር እያሉ ነው።»

«ቆመሽ ነበር?»

«ቆሜ ነበር፣ ጋሼ። እጄን ዘርግቼ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። በጥርጣሬ አልነበረም፤ እሱማ በሆነ። አንድ ነገር ከእጁ እንዳመለጠው ሰው ነበር ያዩኝ።

«እንግዲህ ያላየሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ሐኪም ቤት እነግራቸዋለሁ አልኩ። እግራቸው በጀሶ ታሽጎ ሲወጡ አመማቸው፤ ተውኩት። አውሮፕላን ላይ አልኩ፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቦሌ ልጃቸው ተሽከርካሪ ወንበሩን ስታይ አለቀሰች፤ ከዚያ እኔን አቀፈችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠው ነበር!» አለች።

አብረን የምንጸልይ የቤት ኅብረታችን ሰዎች ከውጭ ተመልሳለች ብለው ምስክርነት እንድሰጥ ጠየቁኝ። እኔ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፤ ሁሌ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ተነሣሁና «አብረውኝ የሄዱ አባት ክፉኛ ወድቀው ነበር፤ እግዚአብሔር ሕይወታቸውን አተረፈልን» አልኩ። «አሜን!» አሉ፤ አንዷ እልል አለች። ቃል በቃል ብታዩት ስህተት የለበትም። በጸሎትማ ነግሬዋለሁ፤ በየቀኑ ነግሬዋለሁ። ግን እግዚአብሔር መታጠፊያው ላይ እንዳልነበርኩ ድሮም ያውቃል። የማያውቁት ጋሼ ናቸው።

ወደ ቤታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። ከታክሲ ወርጄ ያን ዳገት ስወጣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ስወርድ ሳልናገር እወርዳለሁ። በዚህ መሃል ነገሩ ከእግር አለፈ። ዓይናቸው ተመረመረ፤ ከማንበቢያ መነጽር በቀር ምንም አያስፈልጋቸውም ተባለ። ደስ የሚያሰኘው ዜና ቤቱን አጨለመው። ዓይናቸው ደህና ከሆነ ጭንቅላታቸው ነው ማለት ነዋ። ታላቅ ወንድማቸው በመጨረሻ ዘመናቸው ከመስጊድ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ይጠፋባቸው ነበር፤ እሱ በቤቱ ውስጥ ያልተረሳ ነገር ነው።

ልጃቸው መጠየቅ ጀመረች።

«አባዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

መጀመሪያ ላይ ይቀልዱባት ነበር። «አንቺ የምትጨቀጭቂኝ ቀን!» በኋላ በቁም ነገር ይመልሱላት ጀመር። አንድ ቅዳሜ የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ ስልካቸውን አውጥተው ቀኑን ቶሎ አይተው መልሰው ኪሳቸው ሲከቱት አየሁ። እኔ እንዳየሁ ስላወቁ ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ያችን ፈገግታ ነው የማፍርባት።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ በከዘራ ወደ ጋራዡ ተመለሱ። ዘይት ይቀይራሉ፣ ካንዴላ ያጸዳሉ። ፍሬን ግን አይነኩም። አንድ የቆየ ደንበኛ ሲለምናቸው እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን እኮ ነው የምለው።»

«ሌላ ጋራዥ ውሰደው።»

«ምነው፣ ተጣላን እንዴ? ስንት ዓመት ያዩልኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ያኔ አይ ነበር» አሉት። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱና፣ «ይቺን የምታህል ሰው፣ ቢጫ ለብሳ፣ እጇን ዘርግታ ቆማ ያላየ ሰው፣ ነገ ያንተን ፍሬን አየሁ ብሎ ቢሰጥህ ትነዳዋለህ?» ሰውየው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። «እጇን ዘርግታ» የእኔ ቃል ነበር። ውሸቱ እንዲያምርልኝ የጨመርኳት።

ልጃቸውን ብዙ ጊዜ ልነግራት ነበር። እሷ ግን በር ላይ ስትቀበለኝ «ከልጅ በላይ ሆነሽለታል» ትለኛለች፤ አፌ ይያዛል።

የነገርኳቸው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ዝናብ በኋላ መንገዱ ያንሸራትት ነበር። ሳሎን ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ጋራዡንና ዕቃውን ለሌላ ሰው እንድታስተላልፍላቸው ለልጃቸው የሚሰጡት ውክልና ረቂቅ ነው።

«እይልኝ እስኪ። የእኔን ዓይን አላምነውም።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ልማድ ሆኖ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ የተዘለለች ፊደል አስገባሁ። ሁለተኛው መስመር «በዕድሜዬና በጤንነቴ ምክንያት ሥራዬን በአግባቡ መሥራት ስለማልችል» ይላል። እስክሪብቶው እዚያ ቆመ።

«ይሄ ልክ አይደለም» አልኩ።

«የቱ? ፊደሉ ነው?»

«ፊደሉ አይደለም። ነገሩ ነው።» ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «መታጠፊያው ላይ አልነበርኩም፣ ጋሼ።»

እኔ ቀጠልኩ፤ ዛፉን፣ መጻሕፍቱን፣ የተገለበጠውን ገጽ፣ ሁሉንም። ሳላሳምር። መሃል ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ስንት እርምጃ?»

«ሃያ።»

«ሞተርሽስ?»

«ዛፉ ሥር።»

«አንቺስ ቆመሽ ነበር?»

«ጎንብሼ ነበር። ጀርባዬ ወደ መንገዱ ነው።»

«ስለዚህ ሰው አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ሰው አልነበረም!» ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ደለቁት። «ብያለሁ እኮ! እዚያው መንገዱ ዳር ብያለሁ! አልሐምዱሊላህ! ቀጥ አልኩ፣ ሕጉ ቀጥ ነው የሚለው!» ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ በመዳፋቸው ጠረጉት። ለቁጣቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ለደስታቸው ግን አልተዘጋጀሁም፤ ምን ያህል ወስጄባቸው እንደነበር ያሳየኝ እሱ ነው።

ከዚያ ሳቁ ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ። «ነይ!» ብለው ልጃቸውን ከጓዳ ጠሩ። «ነይ፣ ይቺ የምትልሽን ስሚ።»

ደግሜ ነገርኩ። ልጅቷ እርጥብ እጇን ፎጣ ላይ ማድረቅ ጀምራ መሃል ላይ ተወችው።

«ቆይ እስኪ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስትመጪ ይሄን እያወቅሽ ነው?»

«አዎ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው እያልኩ ስጠይቀው እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ?»

«አዎ።»

«አደራ ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

ስልኳን አወጣችና ለወንድሞቿ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ አስቀመጠችው። «ከእኔ አይስሙት። ራስሽ ንገሪያቸው» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስነግር ጋሼ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አራት ቦታ አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ከግቢው የሞተራቸው ላስቲክ ሽፋን ሲገለጥ ሰማን። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

«አባዬ፣ እግርህን! አትንበርከክ!»

«የታመመው እግሬ ነው እንጂ ዓይኔ ነው እንዴ?» አሉ ከውጭ።

ወንድሞቿ ስልኩን ዘጉት። ተነሣሁ። ጋሼ የራሳቸው ሞተር ሥር ጎናቸውን አስደግፈው የኋላውን ፍሬን በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። «ስንት ወር ቆሞ ገመዱ ዝጓል» አሉ። ለእኔ ይሁን ለልጃቸው አልለየሁም። ልጃቸው የግቢውን በር ከፈተችልኝ። ወትሮ ዳገቱን አብራኝ ወርዳ ታክሲ ድረስ ትሸኘኝ ነበር።